ሐሳባችንን እንሰብስብ



ልጁ ዩኒፎርሙን ለብሷል። የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ስለ ትናንቱ ፈተና ያወራል። እናት «እሺ» ትላለች፤ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው። አባትም «እሺ» ይላል፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ልጁ ወሬውን ሳይጨርስ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይወጣል።

ለሌላው ግን «ፎከስ አድርግ» ማለት እንወዳለን። ለተማሪው እንላለን። ለሠራተኛው እንላለን። ለኳስ ተጫዋቹም እንላለን። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ለጥንቶቹ ሮማውያን ፎከስ ማለት ምድጃ ነበር፤ እሳት የሚነድበት፣ ቤተሰብ የሚሰባሰብበት። እ.ኤ.አ. በ1604 ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር ስለ ብርሃን በጻፈው መጽሐፍ የጂኦሜትሪ ነጥብ መጠሪያ አደረገው። ውሎ አድሮ የተበተነ ጨረር የሚገናኝበት ነጥብ ፎከስ ተባለ። ከዚያም የሰው ሐሳብ የሚያርፍበት ነገር ፎከስ ተባለ።

እንግዲህ ፎከስ ማድረግ ግንባርን መቋጠር አይደለም። መሰብሰብ ነው። ዓይንን መሰብሰብ፣ ጆሮን መሰብሰብ፣ ልብን መሰብሰብ።

ዛሬ ሰው ሲያናግረን ስልካችንን እናስቀምጥ። ዓይኑን እያየን እንስማው። እስኪጨርስ እንስማው። ሥራ ስንጀምርም የያዝነውን ሳንጨርስ ሌላ አንንካ። ለሰው ከምንሰጠው ሁሉ ትልቁ አክብሮት ሙሉ ልባችን ነው። ይህን ለመስጠት ደግሞ ሀብት አያስፈልግም፤ ፈቃደኛ መሆን ይበቃል።