ዝገት የዕድራችንን ንብረት እንዴት እንደሚበላና መከላከያው

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተፈቀደልን ስለ ዝገት ነው። ለቀብርና ለለቅሶ የተቋቋመ ማኅበር ስለ ብረት ማውራቱ ምን ይሠራለታል የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን ዕቃ ቤታችንን ከፍተን ብናይ ያለን ንብረት አብዛኛው ብረት ነው። የድንኳኑ እግርና ማገር ብረት፣ የአግዳሚው እግር ብረት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ የበሩ ቁልፍ ሳይቀር ብረት። ከየወሩ መዋጯችን ለሐዘንተኛ ከሚሰጠው የተረፈው ወደዚሁ ብረት የገባ ነው። ስለሆነም ዝገት የሚበላው የእያንዳንዳችንን መዋጮ ነው ለማለት ነው።

እኛ መሐንዲስ አይደለንም። ትምህርታችንም ከመጀመሪያ ደረጃ አላለፈም፤ ዕድሜያችንን የጨረስነው በመዝገብ ቤት ነው። ዝገትንም በደንብ ያወቅነው እዚያው፣ በስፒል ነው። ለብዙ ዓመት በስፒል ተያይዞ የቆየ ፋይል ሲገለጥ ስፒሉ ቡናማ ዱቄት ሆኖ መልኩን ወረቀቱ ላይ አትሞ ይገኛል፤ ወረቀቱም በዚያው መስመር ይቆረሳል። ከአንድ ፓኮ የወጣ ስፒል ግን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነጭ እንደሆነ ይገኝ ነበር። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ታችኛው መደርደሪያ እርጥብ ግድግዳ ይነካ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

በመሠረቱ ብረት ሲዝግ የሚሆነው እንዲህ ነው። ብረት ከአፈርና ከድንጋይ በእሳት ተጣርቶ የወጣ ነገር ነው። የአገራችን ቀይ አፈር መቅላቱ በውስጡ ባለው የብረት ዝገት ምክንያት ነው። ብረት ውኃና አየር ባንድነት ሲያገኙት፣ በአየሩ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ወደዚያው ወደ ቀይ አፈርነቱ ይመለሳል። ሁለቱ ባንድነት ማለታችን ይሰመርበት። የሚጠራጠር ካለ ልጆቹን ይዞ ይሞክረው። ሦስት ሚስማር ይወሰድ። አንዱ በደረቅ ጠርሙስ ይከደን። ሁለተኛው በደንብ ፈልቶ አየሩ በወጣለት ውኃ ይሞላና ከላይ ዘይት ይፍሰስበት። ሦስተኛው ግማሽ አካሉ ውኃ ውስጥ፣ ግማሹ አየር ላይ ይሁን። ከሳምንት በኋላ ሦስተኛው ብቻ ዝጎ ይገኛል። ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በምጽዋና በጅቡቲ የባሕሩ ጨዋማ አየር ብረትን ከደጋው ይልቅ ቶሎ የሚጨርሰው ለዚህ ነው። እዚህ አዲስ አበባም ቢሆን ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት የሚበቃው ነው፤ ዝናብ እላዩ ላይ ባይወርድ እንኳ የአየሩ እርጥበት ከመቶ 60 ገደማ ካለፈ ብረት ሥራውን ይጀምራል።

የዝገት ክፋቱ ሽፋን አለመሆኑ ነው። አልሙኒየምም ይዝጋል ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ግን የእርሱ ዝገት ስስ ሆኖ ተጣብቆ ውስጡን ይጠብቃል። የብረት ዝገት ግን ያብጣል፣ ይፈረፈራል፣ ሲፈረፈር ለሌላው ውኃ በር ይከፍታል። ሲሚንቶ ውስጥ የገባ ፌሮ እንኳ ሲዝግ አብጦ ግንቡን ይሰነጥቀዋል።

እንግዲህ ወደ ድንኳናችን እንምጣ። ባለፈው ክረምት በአንድ ለቅሶ ቤት የትልቁ ድንኳን አንድ እግር ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ እንደተሰበረ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ነፋስ ነበር። ከሥሩ የተቀመጡት እናቶች ሳይጎዱ የወጡት ወጣቶቹ ፈጥነው ማገሩን በትከሻቸው ስለደገፉት ነው። የሚያስገርመው እግሩ በውጭ በኩል አረንጓዴ ቀለሙ እንዳለ ነበር። ቱቦው ከላይ አፉ ክፍት ስለነበረ የዝናብ ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ ከታች ተጠራቅሞ፣ ብረቱን ከውስጥ በልቶ እንደ እንቁላል ቅርፊት አስቀርቶታል። በዓይን የሚታይ አልነበረም።

የማይታይ ከሆነ እንዴት ይታወቃል? በመዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ነው። ጤነኛ ቱቦ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ድፍን ያለ ነው። የተጠረጠረው ቦታ ላይ በሚስማር ጫፍ ጫን ሲባል ከሰረጎደ ነገሩ አልቋል። ከንብረት ያዣችን ጋር ሆነን ሁሉንም እግሮች በዚህ ዓይነት ፈትሸናል። ሦስቱ ሞተዋል። አንዳንድ አባላት ለሁሉም አዲስ ቀለም ይቀባ፣ ወጪ አይብዛ ይላሉ። የዕድሩን ገንዘብ ለመቆጠብ በማሰብ መሆኑን እንረዳለን፤ ግን ቀለም ብረት አይሆንም። ሦስቱን ቁራሌው ይውሰዳቸው። ሌሎች አራት እግሮች ከታች ብቻ ስለተጎዱ፣ ጤነኛው እስኪገኝ ተቆርጦ ወፍራም ቱቦላሬ ይበየድላቸው። ብየዳ ያለፈበት ቦታ ቀድሞ የሚዝግ ስለሆነ ባለሙያው ሲጨርስ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ወዲያው አንቲረስት ይቀባ። የሁሉም እግር ከላይ አፉ ይደፈን፣ ከታች ደግሞ ውኃ ማንጠባጠቢያ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳለት።

ስለ ቅብ ካነሣን፣ በዝገት ላይ ቀለም መቀባት በቆሸሸ ቁስል ላይ ፋሻ እንደመጠቅለል ነው፤ እርጥበቱን ከውስጥ ያፍናል። መጀመሪያ ዝገቱ በብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ፣ ቅባቱ በሳሙና ይታጠብ፣ በፀሐይ ይድረቅ፣ አንቲረስት ይቀባ፣ ከዚያ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ። ይህ ሥራ በጥቅምትና በኅዳር ረፋዱ ላይ ጤዛው ከደረቀ በኋላ የሚሠራ ነው። የድሮ ቀይ ሚንዮ ቀለም እርሳስ ያለበት መርዝ ስለሆነ እርሱን የሚፍቅ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ሕፃናትም አይቅረቡ። ቅብ የአንድ ጊዜ ሥራ አይደለም። በፓሪስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1889 የቆመው የኤፌል ግንብ ከ7 ሺህ ቶን በላይ ብረት ሆኖ እስከ ዛሬ የቆየው በየ7 ዓመቱ ገደማ እየተቀባ ነው፤ ባንድ ጊዜ ወደ 60 ቶን ቀለም ይፈጃል ይባላል። የእኛ ጥቂት ጋሎን ነው።

ቡሎኖቹን በግሪስ ማሸት ይበቃል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት እንቀባ የሚሉም አሉ። ውኃውን መከላከሉን ይከላከላል፤ ግን ሸራውንና የለቀስተኛውን ነጠላ ያጠፋል። ነጠላ ካነሣን ዘንድ፣ ከአግዳሚ ላይ የዝገት ነጥብ ሲነካው እናቶች በበረኪና ከማሸት ይቆጠቡ፤ ይብስበታል እንጂ አይለቅም። ሎሚ ጨምቆ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማጠብ ያስለቅቀዋል።

ቆርቆሮ ብረት ሆኖ ሳለ ቶሎ የማይዝገው ዚንክ ስለተለበጠ ነው። ዚንክ መሸፈን ብቻ አይደለም፤ ቢጫርም እንኳ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያተርፋል፤ እንደ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ግን ያልቃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ክዳኑ ላይ ተከምሮ እርጥበት ሲይዝ፣ ወይም እርጥብ አመድ ሲነካው ቶሎ ያልቃል። በመብራት ሽቦ ማሰርም ጥሩ አይደለም፤ ሽቦው መዳብ ስለሆነ ሁለቱ በእርጥበት ሲነካኩ ዚንኩንና ብረቱን ያስበላል። በኒውዮርክ የሚገኘው የነጻነት ሐውልት ቆዳው መዳብ፣ አጥንቱ ብረት ነበር። በመካከላቸው የነበረው መለያ ባረጀ ጊዜ ብረቱ ክፉኛ ዝጎ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1986 በተደረገው እድሳት በማይዝግ ብረት ተተክቷል። ቆርቆሮ ስንገዛም የጌጁን ቁጥር እንይ። ቁጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ከ28 የተሻለ የሚመስለው ሰው አይታለል።

ስለ ድስቶቹ እናቶች ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ፤ አንድ ነገር ብቻ። የአልሙኒየም ድስት በአመድ ሲታሸ ጥቁረቱ ይለቃል፤ ግን የረጠበ አመድ ያንን ጠባቂ ስስ ሽፋን አብሮ ይልጠዋል። ጨውና ቲማቲም ያለበት ወጥ እላዩ ላይ ሲያድርም ይቦረቡረዋል። ወጡ ይገልበጥ፣ ድስቱ በሳሙና ታጥቦ ተወልውሎ ይግባ።

የቀረው ዕቃ ቤቱ ነው። ሸራው ከዝናብ ከተመለሰ ሳይደርቅ ከብረቱ ጋር ታጥፎ አይግባ። ለቅሶ ላይ ሆኖ ይህን ማድረግ እንደሚያስቸግር እናውቃለን፤ ስለዚህ በማግስቱ ሁለት ሰው በተራ ወጥቶ ያስጣው እንላለን፤ ስም ዝርዝሩን ጸሐፊው ይያዝ። ብረቱ ወለሉን እንዳይነካ ከሥሩ ጣውላ ይነጠፍ። ጥግ ላይ ያለው የጨው ጆንያ ደግሞ ከድንኳኑ እግር ጋር አብሮ መዋል የለበትም፤ ወደ ማዶው ክፍል ይዛወር።

የሦስቱ እግሮች መግዣና የብየዳው ወጪ በገንዘብ ያዡ በኩል ለጉባኤው ቀርቧል፤ ድምፅ የሚሰጠው አሁን ከንግግሩ በኋላ ነው። ከጸደቀ ፍቅና ቅቡ በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ ከረፋዱ በ4 ሰዓት ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ይጀመራል። የሽቦ ብሩሽ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ዕድሩ ያለው ሁለት ብቻ ነው።