ማዳበሪያው ሙሉ ነው፤ ከሰሉስ?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት ሲጠፋ ወጡም ቡናውም ፊቱን ወደ ከሰል ያዞራል። ታዲያ የትኛውን ከሰል እንግዛ?

ከሰል የሚሸጠው በሚዛን ሳይሆን በማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ ደግሞ ብዙ ይደብቃል፤ ከላይ ትልልቁ አንኳር፣ ከታች ድቃቂው። ስለዚህ ሻጩን "ግርጌውን ልየው" ማለት ነውር አይደለም። ሁለት አንኳር አንስተው ያጋጩ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠና ስብራቱ ካብለጨለጨ በደንብ ከስሏል። ቡናማ እንጨት ከታየበት ይጨሳል፤ ይተዉት። ከባድ ማዳበሪያም ሁሌ ትርፍ አይደለም፤ ዝናብ ጠጥቶ ከሆነ ከእሳቱ ከፊሉ የሚባክነው ውሃውን ለማትነን ነው።

የግራር ከሰል ጠጣር ስለሆነ ረጅም ሰዓት ይነዳል። ቀላል እንጨት ግን ቶሎ አመድ ይሆናል። ምንጩም ይታይ፤ አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ እንደ ሰብል ተክለው ያከስላሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዋጋው ከተቀራረበ ከተፈጥሮ ደን ከተቆረጠው ይልቅ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

ምድጃውም ወሳኝ ነው፤ ውስጡ በሸክላ የተለበጠው "ላቀች" ሙቀት ስለሚይዝ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል።

አንድ ነገር አደራ! ጭስ የሌለው ከሰልም ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ቤት ለማሞቅ ብላችሁ ፍም ይዛችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ።