የአዳሪ ተማሪ ጓዳ

(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ስለ ምግብና ስለ ጤንነት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ አስቀድሞ የመጣልኝ ሐሳብ እምቢ ማለት ነበር። በመኝታ ክፍል ለሚኖር ተማሪ ስለ ጥሩ ምግብ መናገር ጫማ ለሌለው ሰው ስለ ካልሲ መስበክ መስሎ ታየኝ። ወጥ ቤት የለንም፤ ማቀዝቀዣ የለንም፤ በክፍላችን ውስጥ ምድጃ ማብራትም ክልክል ነው። ጓዳችን ከአልጋችን ሥር የተገፋች አንዲት ሣጥን ናት። ዳሩ ግን ባለፈው ዓመት በዓይኔ ያየሁት ነገር ዝም እንድል አልፈቀደልኝም።

በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን እንኖር ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ነን ካፌ» ሆነ፤ ይኸውም በካፌ መመገቡን ትቶ ለምግቡ የሚታሰበውን ገንዘብ በእጁ ይቀበል ጀመር። ቀን «ውጭ እበላለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ ማታ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። እኛም አመንነው። በፈተና ሳምንት ግን ከአዳራሹ ውስጥ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ወደ ክሊኒክ ወስደነው ሲጠየቅ፥ በሁለት ቀን ውስጥ የቀመሰው ሻይና ዳቦ ብቻ መሆኑ ታወቀ። ገንዘቡን ለታናናሾቹ ወደ አገር ቤት ይልከው ኖሯል። በዚያን ጊዜ የአምስታችንም ሣጥን ባዶ አልነበረም። እኔ ራሴ እናቴ የላከችልኝን ጭኮ ቆልፌበት፥ መብራት ሲጠፋ በጨለማ ነበር የምበላው። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ነገር ግን የንግግሬ ሥር እሱ ስለሆነ መደበቅ አልቻልሁም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። በመጀመሪያ ስለ ካፌው ሽሮ ልማለድለት። ብዙዎቻችን ሽሮን የድኻ ምግብ አድርገን እንንቀዋለን። በጤፍም ሆነ በሌላው እህል ፕሮቲን ውስጥ ላይሲን የተባለው ክፍል ያንሳል፤ በጥራጥሬ ውስጥ ግን ይበዛል። በጥራጥሬ የሚያንሰው ደግሞ በእህል ይገኛል። ስለዚህ እንጀራና ሽሮ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። አያቶቻችን ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ያገኙት ጥበብ ነውና ሳህኑን ገፍቶ ከመነሣት በፊት ይህን ማሰብ ይገባል።

የሚጐድለን ሌላ ነው። በትምህርት ቤት ኃይል ሰጪ፥ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ብለን ከተማርናቸው መካከል ሦስተኛው በሳህናችን ላይ እምብዛም አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። ይህን ያህል ባናገኝ እንኳ አንድ ሙዝ፥ አንድ ቲማቲም፥ ግማሽ ሎሚ ከምንም ይሻላሉ። ሎሚውና ቲማቲሙ ሌላም ጥቅም አላቸው፤ በእንጀራውና በሽሮው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በደንብ እንዲቀበለው ያግዛሉ። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ይህንኑ ብረት ያስቀራሉ። ስለዚህ ሻያችንን አንድ ሰዓት ያህል እናቈየው፤ ይህ ምክር ሳንቲም አያስወጣም።

ሁለተኛው ስለ ጨጓራ ነው። በግቢያችን «ጨጓራዬን» የማይል ተማሪ ጥቂት ነው፤ ጥፋቱም ሁሉ በካፌው በርበሬ ላይ ይጫናል። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች በሕመምተኞች ጨጓራ ውስጥ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ አገኙ። ብዙ ሰው ስላላመናቸው ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቈጣ በምርመራ አሳየ። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የጨጓራ ቁስለት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ባክቴሪያ፥ ወይም እንደ አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን ካሉት የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች ነው። በርበሬ ሕመሙን ይቀሰቅስ ይሆናል እንጂ ዋናው ጥፋተኛ አይደለም። ስለዚህ ሆዱን የሚያመው ሰው ምግብ በመተው አይድንም፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ይመርመር፤ ባክቴሪያው ከተገኘበት መድኃኒት አለው። ለራስ ምታት ብሎ በባዶ ሆድ ክኒን መዋጥንም ይተው።

በፈተና ሰሞን ጫት የሚቅሙ ወንድሞቼም አሉ። ጫት ረኃቡን ያስረሳል እንጂ ሰውነትን አይመግብም። ሌሊቱን በጫት፥ ጧቱን በቡና ያለፈ ሰው ወደ ፈተና የሚገባው በባዶ ሆድ መሆኑን አይርሳ።

ሦስተኛው የሣጥናችን ነገር ነው። እሳት ሳይነካው የሚበላና ሳይበላሽ የሚቈይ ምግብ በአገራችን ሞልቷል። በሶ ተቈልቶ የተፈጨ ገብስ ስለሆነ ንጹሕ ውኃና ጥቂት ጨው ይበቃዋል፤ ካፌው ሳይከፈት ወደ ትምህርት ለሚሮጥም፥ በረመዳን ለሱሁር ለሚነሣም ይሆናል። የገብስ ቆሎ ሽምብራና ኦቾሎኒ ሲቀላቀልበት ገንቢ ይሆናል። ጭኮ ቅቤ ስላለበት ጥቂቱ ብዙ ያገለግላል። ዳቦ ቆሎና ድርቆሽም አሉ። የተረፈ ወጥ ግን ከአልጋ ሥር አይደርም፤ ያደረ ወጥ ስንቱን በሌሊት እንዳስሮጠ የምታውቁት ነው። ኦቾሎኒም ሆነ ዳቦ ሻጋታ ከታየበት ይጣል። ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበትን የሚጐዳ ሲሆን፥ ቢቈሉትም ፈጽሞ አይጠፋም። ቲማቲምና ሰላጣ በንጹሕ ውኃ በደንብ ይታጠቡ፤ ሎሚ መጭመቅ ብቻውን የታይፎይድንና የአሜባን ነገር አያስቀርም። የምንጾም ደግሞ ቪታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ መሆኑን አስታውሰን በፍስክ ቀን እንቁላሉንና ወተቱን አንለፈው።

ይህን ሁሉ ስሰማ እኔም እንደ እናንተ «በምን ገንዘብ?» እል ነበር። መልሱን ያገኘነው ከዚያ ከወደቀው ጓደኛችን በኋላ ነው። ስድስታችን እንደ ዕቁብ በሳምንት ጥቂት ብር እናዋጣለን፤ ተረኛው ከበር ላይ ካሉት ሴቶች ቲማቲም፥ ሎሚ፥ ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል ይገዛል። ከየቤታችን የሚመጣው ስንቅም በአንድ ሣጥን ይገባል። ማዋጣት ያልቻለ ተራውን ጠብቆ ይገዛል፤ ያጥባል። ማን ስንት እንዳገባ አይጠየቅም። ለብቻ ሲገዛ የሚከብደው ለስድስት ሲካፈል ቀላል ሆኖ አገኘነው። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ በግቢ ግን ለብቻው የሚራብም ሰው እንዳለ አየን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። ማኅበራችን በየክፍሉ እንዲህ ያለ የጋራ ሣጥን እንዲለመድ ያበረታታ። ከካፌው አስተዳደር ጋርም ስለ አትክልት በትሕትና ይነጋገር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ የምግቡን ዋጋ ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍለው ያደረገ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው የምጽዋት ጥያቄ አይደለም። እናንተም ክቡራን መምህራን፥ በመጀመሪያው ሰዓት የሚያንቀላፋ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት፤ ቁርስ በልቶ እንደሆነ በቀስታ ጠይቁት።

ያ ጓደኛችን ፈተናውን እንደገና ተቀምጦ አልፏል። ለታናናሾቹ መላኩንም አልተወም፤ እኛም ተው አላልነውም። ከአልጋችን ሥር ያለችው ሣጥን ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ቁልፍ የላትም።