አንዱ ክር ሲበጠስ

ከሬዲዮ ስብከት ለጽሑፍ የተዘጋጀ
ንባብ፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 12፥12-26



ከሱሉልታ አንድ ወጣት አገልጋይ እንዲህ ሲል ጠይቆናል፦ «በመዘምራን ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር እጫወታለሁ። ከአምልኮ በፊት በደንብ እቃኛለሁ፤ ሁለተኛው መዝሙር ላይ ግን ከቅኝት ይወጣል። ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድማችን ተቀይሞ ከቀረ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ወቀሳ በእኔ ላይ ሆኗል። አገልግሎቱን ልተወው ወይ?»

ወንድሜ፣ አትተወው። በመጀመሪያ ስለ ጊታሩ እንነጋገር። ዕቃችንን ሳናስተካክል «መንፈሳዊ ውጊያ ነው» ማለት አይገባንማ!

ጊታርህ ትሬሞሎ ያለው ነው። ይህን ዓይነት ብሪጅ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 በስትራቶካስተር ጊታር ላይ ይዞት ወጣ። ብሪጁ ዝም ብሎ የተቸነከረ አይደለም፤ በሚዛን የቆመ ነው። ስድስቱ ክሮች ከ40 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ወደ ፊት ይስቡታል፤ ከጀርባ በሽፋኑ ሥር ያሉት ሞላዎች ወደ ኋላ ይይዙታል። ስለዚህ አንዱን ክር ስታጠብቅ ሌሎቹ አምስቱ ትንሽ ይላላሉ። አንዱ ሲበጠስ ደግሞ ሞላዎቹ ያሸንፋሉ፤ የቀሩት አምስቱ ከልክ በላይ ይወጠራሉ።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ስድስቱንም ክሮች ቃኝና ብሪጁን ከጎን እየው። የኋላ ጫፉ ከጊታሩ እንጨት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ተነሥቶ ወደ ፊት ካዘነበለ የጀርባውን ሽፋን ክፈት፤ የሞላዎቹን መያዣ ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ብሎኖች በካቻቪቴ ሩብ ዙር አጥብቅ። ወደ ኋላ ከተኛ ደግሞ አላላ። ከዚያ ስድስቱንም እንደገና ቃኝ፤ እንደገና እይ። በአንድ ጊዜ አይሆንም፤ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ አለብህ። ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያልፉባቸውን ጎድጓዶች በእርሳስ ቀባቸው፤ ክር እዚያ ከተያዘ ወደ ቅኝቱ አይመለስም። ደግሞም የሱሉልታን የጠዋት ብርድ ታውቀዋለህ። ክር ሲሞቅ ይላላልና ቀደም ብለህ ግባ፤ ጊታሩ የአዳራሹን ሙቀት ከለመደ በኋላ ቃኝ።

ወገኖቼ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አካል የጻፈው ይህንኑ አይደለም እንዴ? አንዱ ብልት ሲታመም ሌሎቹ «እኛን አይመለከተንም» ሊሉ አይችሉም። አንድ ወንድም ሲቀር ግን እኛ «ይቅር፣ ሰው ሞልቷል» እንላለን። ከዚያ የቀረነው እንወጠራለን፤ እርስ በርስ እንነካከሳለን፤ ጥፋቱን በጊታሩ፣ በሚክሰሩ፣ በመሪው ላይ እንጭናለን። የጎደለውን ክር ማንም አይጠይቅም።

ሞላዎቹንስ አስባችኋል? ከመድረክ አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። በጓዳ በእንባ የሚጸልዩ እናቶች፣ ወንበር የሚደረድሩ ወንድሞች እንደዚያ ናቸው። እነርሱ ሲደክሙ መድረኩ ያዘነብላል።

አንዳንዶች ብሪጁን በእንጨት ቁራጭ ደግፈው ጨርሶ እንዳይነቃነቅ ያደርጉታል። ቅኝቱ ይጸናል፤ የትሬሞሎው ዜማ ግን የለም። እኛም እንዳንጎዳ ብለን ልባችንን እንደዚያ የዘጋን ስንቶች ነን?

ወንድሜ፣ ቅዳሜ ጊታርህን አስተካክል። ከዚያ በፊት ግን ወደ ተቀየመው ወንድምህ ቤት ሂድ። የመጀመሪያ ቀን ፊቱን ቢያዞርብህ ተስፋ አትቁረጥ፤ እርሱ ሩብ ዙር ነው። እንደገና ሂድ።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ የራቀውን መልስ፣ የደከመውን አበርታ፣ የተዘጋውን ልብ ክፈት። እኛንም እርስ በርስ አቃኘን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።