ውሃ የገባበትን ቤት ስለማድረቅ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዋግ ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጎርፍ ቤት ሲገባ ቀድመን የምናነሣው እህሉን ነው፤ ደግ ነው። ምንጣፉ ግን «ፀሐይ ስትወጣ» እየተባለ ወለል ላይ ይቀራል። እርጥብ ምንጣፍ ሁለት ቀን ካደረ ይሻግታል፤ ሻጋታውም የልጆችን ደረት ይጎዳል።

መጀመሪያ ከቤቱ በላይ ቦይ ቅደዱና ጎርፉን በጎን መልሱት። ውስጥ ያለውን ውሃ በጣሳ ጨልፉ፤ የቀረውን በጨርቅ አንሡ። ሰሌኑንና ቁርበቱን በዚያው ቀን አውጥታችሁ አስጡ። ወፍራሙን ምንጣፍ ለሁለት አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፤ ውሃው ሲወጣለት ገመድ ላይ ስቀሉት።

በርና መስኮቱን ክፈቱ፤ ቤት የሚያደርቀው ነፋስ ነው። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ግን ሰው ይገድላል፤ መርዙ ሽታ የለውም።

ወለሉን በእበት ለመለቅለቅ አትቸኩሉ፤ ሥሩ ሳይደርቅ ከተለቀለቀ እርጥበቱ ታፍኖ ይቀራል። የሻገተ እህልም ለሰውም ለዶሮም አትስጡ፤ መርዙ በመቁላትም ሆነ በመቀቀል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ይህ ሁሉ ለአንዲት ሴት ጉልበት ከባድ ነው። ለአጨዳ ደቦ እንደምንወጣ ሁሉ፣ ውሃ ለገባባት እህታችንም በዚያው ቀን እንድረስላት።