ወባ የቆላ በሽታ ብቻ ነውን?



በላሊበላና በዙሪያዋ ባሉ የላስታ መንደሮች «ወባ የቆላ በሽታ ነው» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለ ቀሪው ግማሽ ነው።

የወባ መንስኤ ፕላዝሞዲየም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ከሰው ወደ ሰው የምታሻግረውም ሴቷ የአኖፌለስ ትንኝ ናት። ትንኟ የታማሚውን ደም ከመጠጠች በኋላ ተሕዋሱ ለመተላለፍ በሰውነቷ ውስጥ ማደግ አለበት፤ ይህም አሥር ቀን ያህል፣ አየሩ ከቀዘቀዘ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ ዝርያ ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ እድገቱን መፈጸም ያዳግተዋል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችውን ላሊበላን የጠበቃት እንግዲህ ብርዷ ነው።

ብርዱ ግን መተላለፉን ይገታል እንጂ ለሰው የመቋቋም አቅም አይሰጥም። በሽታው ለማያውቀው ደገኛ ወባ ይበልጥ ብርቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ከወትሮው የበዛ ዝናብና ሙቀት በተከሰተ ጊዜ፣ ወረርሽኙ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ድረስ ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል።

ወደ ላስታ ደጋ ዛሬ ወባን ይዞ የሚገባው ብዙውን ጊዜ መንገደኛ ነው፤ ወደ ተከዜ ሸለቆ የወረደ ገበሬ፣ ወይም ከመተማና ከሁመራ የሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ ወጣት። ቤቱ ሲገባ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ትኩሳቱ የሚጀምረው ከተነከሰ ከሳምንት በኋላ ወይም ዘግይቶ ነውና። ቫይቫክስ የተባለው ዝርያ ደግሞ በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ያገረሻል። ቤተሰቡ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ሲጨምቅለት ውድ ቀናት ያልፋሉ። ፋልሲፓረም ካልታከመ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንጎልን ሊያጠቃና ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ እናትም፣ ጎረቤትም፣ የጤና ባለሙያም ትኩሳት የያዘውን ሰው አስቀድመው አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «በእነዚህ ወራት ቆላ ወርደህ ነበር?» መልሱ «አዎ» ከሆነ በዚያው ዕለት ደሙ ይመርመር። የታዘዘለትንም መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ ሳያቋርጥ ይጨርስ።

የአየሩ ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ የወባ ወሰንም ወደ ላይ ይወጣል። ብርዳችን የሰጠን ጥበቃ ለዘለዓለም የተጻፈ ውል አይደለምና፣ ከወዲሁ እንንቃ።