የቫዮላ ተጫዋች ከማን ጋር ይለማመዳል?



ቫዮላ በገመድ ኳርቴት ውስጥ በሁለቱ ቫዮሊኖችና በቼሎው መካከል ያለው ድምፅ ነው። ተጫዋቹ ችሎታ ብቻ አይበቃውም፤ ሦስት ባልንጀሮች ይሻል።

የቅርቡን አብነት ከቫዮሊን ልውሰድ። በ1923 እ.ኤ.አ. የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፤ ኋላም ካይሮ ውስጥ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ አጥንተዋል። ዓለም የሚያውቃቸው ግን ብቻቸውን በተጫወቱት ፒያኖ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው አልልም፤ ምንኵስናውም አለ። ቢሆንም ፒያኖ ዜማውንም አጃቢውንም በአንድ ሰው እጅ ያኖራል፤ ቫዮላ ይህን አይችልም።

ከአዋሽ ወይም ከዚሁ ከሰመራ አንድ ጎበዝ ልጅ ቫዮላ ቢያነሣ፣ ሁላችንም አስተማሪ እንፈልግለታለን። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው። ልጁ ተምሮ ቢመለስስ ከማን ጋር ይለማመዳል? እኔ አንዱን ከመላክ ይልቅ አራቱን በአንድነት እዚሁ ማስጀመርን እመርጣለሁ።